ሁለታችንም ፍቺውን ተስማምተናል፣ ንብረቱ ላይ ግን አልተግባባንም፤ ከየት ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 10 ዓመት ሊሞላን ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 8፣ ትንሿ 4። ሽማግሌ ገብቶበታል፣ የንስሐ አባታችንም ብዙ ደክመዋል፣ አልሆነም። አሁን መለያየቱን ሁለታችንም አምነንበታል። ጭቅጭቁ ያለው ንብረቱ ላይ ነው።

ያለን ይሄ ነው። አንድ ባለ ሁለት መኝታ የ20/80 ኮንዶሚኒየም አለ። እሱ የተመዘገበው ከመጋባታችን በፊት ነው፣ ዕጣው የወጣው ግን ከተጋባን በኋላ ነው። ቅድሚያ ክፍያውን ሁለታችንም ካጠራቀምነው ከፈልን። ውሉ በእሱ ስም ነው፣ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያም እሱ ነው የሚከፍለው፤ እኔ ደግሞ አስቤዛውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የሠራተኛዋን ደመወዝ እችላለሁ። ሚኒባስ አለን፣ ሊብሬው በስሙ ነው። እኔ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ፣ ንግድ ፈቃዱ በስሜ ነው። ከዚያ ሌላ እሱ ከአባቱ በወረሰው ግቢ ውስጥ አብረን ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርተን እናከራያለን።

እሱ የሚለው ኮንዶሚኒየሙ የእኔ ነው፣ የተመዘገብኩት ሳላገባሽ ነው ነው። ሚኒባሱን ደግሞ ከወንድሜ ተበድሬ ነው የገዛሁት፣ ዕዳው ሳይከፈል የሚካፈል ነገር የለም ይላል። ስለዚህ ብድር እኔ ሰምቼ አላውቅም። እህቱ በበኩሏ "ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ ምንም አታገኚም" ብላኛለች፤ እውነት ለመናገር አንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ሆኖ መኖር ለልጆቹም ከብዷል፣ ግን ይሄን ስለሰማሁ ለመውጣት ፈራሁ።

የሚያውቅ ካለ በእግዚአብሔር ምሩኝ። ክሱን ማን ነው የሚከፍተው? ንብረቱ እንዴት ነው የሚከፈለው? ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ልጆቼን በምን ላሳድግ?

የችሎት ሰው፦

እህቴ፣ ጠበቃ ነኝ፣ በብዛት የምይዘው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከቤት መውጣቱን አስቀድሜ ልመልስልሽ፣ ብዙ ሴቶችን የሚያስፈራሩበት እሱ ስለሆነ። ውሸት ነው። ከቤት ስለወጣሽ የምታጪው የንብረት ድርሻ የለም። ግን ከመውጣትሽ በፊት ይሄን እወቂ። የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት፤ ስለ ቀለብ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁም የሚያየው የልጆቹን ጥቅምና ቢወጣ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ነው። ይሄ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ላይ አለ። ስለዚህ ልጆቹን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት አቤቱታውን አስገቢና ቤቱ ውስጥ እንድትቆዪ ጠይቂ። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ መጀመሪያ ራስሽንና ልጆቹን አውጪ፣ ወረቀቱ ይደርሳል።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213። ክልሎች ብዙዎቹ የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ መሠረቱ ተቀራራቢ ቢሆንም ከክልል የምታነቡ የራሳችሁን ሕግ እዩ። ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺ የሚወስኑት የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። አሁን ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይችላል፣ ሊያፋታ አይችልም። በቤተ ክርስቲያንም ተጋቡ፣ በባህልም፣ በክብር መዝገብም፣ ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ክሱን ማን ይከፍታል ላልሽው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የስምምነት ፍቺ ነው። ፍቺውንም ውጤቱንም፣ ማለት ንብረቱን፣ ልጆቹን፣ ቀለቡን፣ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ታቀርባላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ አይቶ ያጸድቀዋል። ሁለተኛው በአቤቱታ ነው፣ አንዳችሁ ወይም ሁለታችሁም ታቀርባላችሁ። እናንተ ንብረት ላይ ስላልተስማማችሁ የሚሻላችሁ ሁለተኛው ነው። ዳኛው ለየብቻም በአንድነትም ያነጋግራችኋል፣ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች በኩል እንድትሞክሩ ሊልካችሁ ይችላል፣ ካልሆነም እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ያ ካለፈ በኋላ ፍቺው ይወሰናል። እሱ አልፈታም ቢል እንኳ አንቺን አስገድዶ በትዳር የሚያኖር ሕግ የለም።

ረጅሙ መንገድ ከዚያ በኋላ ነው። ፍቺው በወራት ሊያልቅ ይችላል፤ የንብረቱ ክርክር ግን ምስክር፣ የባለሙያ ግምት፣ ይግባኝ እያለ ዓመታት ሲወስድ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ጉልበትሽን እዚያ ላይ አድርጊ።

አሁን ወደ ንብረቱ። ሕጉ የሚነሳው ከግምት ነው። አንቀጽ 63 እንደሚለው በባልና ሚስት እጅ ያለ ንብረት ሁሉ፣ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል እሱ ያስረዳል። አንቺ አይደለሽም የምታስረጂው። ሊብሬው በስሙ መሆኑ ሚኒባሱን የግሉ አያደርገውም። ያው ሕግ ሱቅሽንም ይነካታል፣ ንግድ ፈቃዱ በስምሽ ስለሆነ ብቻ የግልሽ አትሆንም። በጋብቻ ውስጥ ከተከፈተች ዕቃዋም ትርፏም የጋራ ነው። ይሄን አሁን ብትሰሚው ይሻላል፣ ችሎት ላይ ከምትደነግጪ።

የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ከዚያም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣው ነው። በግል ገንዘብ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ነገርም የግል ሊሆን ይችላል፣ ግን ባለቤቱ ጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ከወሰነለት ነው። ዝም ብሎ አይሆንም። ደመወዝ የጋራ ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ኪራይ እንኳ የጋራ ገቢ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ኮንዶሚኒየሙ ላይ እሱ የሚይዘው ምዝገባውን ነው። ምዝገባ ማለት ተራ መያዝ ነው። ዕጣው የወጣው፣ ውሉ የተፈረመው፣ ቅድሚያ ክፍያው የተከፈለው፣ ወርሃዊውም እየተከፈለ ያለው በጋብቻ ውስጥ ከሆነ ክርክርሽ ጠንካራ ነው። ከደመወዙ መከፈሉ የእሱ አያደርገውም፣ ደመወዙ ራሱ የጋራ ነውና። ከጋብቻ በፊት በምዝገባው ጊዜ የቆጠበው ገንዘብ ካለ እሱን በማስረጃ ይጠይቅ፣ ያ የግል ሊባልለት ይችላል። ለዚህ ነው የቁጠባ ደብተሩና የክፍያ ደረሰኞቹ ላይ ያለው ቀን ከማንም ምስክር የሚበልጠው።

የወንድሙን ብድር በተመለከተ፣ ይሄ በሁሉም የንብረት ክርክር ላይ የሚመጣ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ፍቺ ሲመጣ ከዘመድ የተበደርኩት የሚል ወረቀት ይወለዳል። ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ከ100 ብር በላይ ለመበደር የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል፣ አንቀጽ 68። 100 ብር፣ አልተሳሳትኩም። ሳትስማሚ የገባበትን ግዴታ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት ሳያልፍ። የነገረሽን ቀን ጻፊ። ሁለተኛ፣ ለቤተሰቡ ጥቅም የዋለ ዕዳ የሁለታችሁ ነው፣ ያልዋለው የተበዳሪው ነው፣ ባለገንዘቡም አስቀድሞ የሚሄደው በተበዳሪው የግል ንብረት ላይ ነው። ሚኒባሱ በእውነት በዚያ ብር ተገዝቶ ገቢው ቤት ሲገባ ከነበረ ዳኛው ዕዳውን የጋራ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄሽ ብሩ በየት አለፈ ይሁን። በባንክ ከሆነ ዱካ አለው። በእጅ ነው ካለ ያኔ ወንድሙ ያን ያህል ብር ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል።

በላይ ከቂርቆስ፦

የችሎት ሰው ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ከወረቀቱ ወዲህ ያለውን ልጨምር። ወንድ ነኝ፣ ተፋትቻለሁ፣ የምናገረው ግን ለእሷ ነው።

እህቴ፣ ዛሬ ማታውኑ ፎቶ ማንሳት ጀምሪ። የኮንዶሚኒየሙ ውል፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ሊብሬው ሁለቱም ገጽ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ የግቢው ካርታ። እቤት ውስጥ ተቀምጦ ያለ ወረቀት አንድ ቀን ይጠፋል፣ ክፋት ብቻ አይደለም፣ ሰው ሲጣላ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ፎቶውን ለምታምኚው ሰው ላኪው።

ከዚያ ውክልና። ለባለቤትሽ ውክልና ሰጥተሽ ታውቂያለሽ? ብዙ ሴት ባል ውጭ ጉዳይ ሲያስፈጽም ይቀለው ብላ መሸጥ መለወጥ የሚል ውክልና ትፈርምና ትረሳዋለች። ካለ ሄደሽ ውልና ማስረጃ ሻሪው፣ መሻሩንም በጽሑፍ አሳውቂው። ቤት ሲሸጥ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል፣ ግን በእጁ የአንቺ ውክልና ካለ ፊርማሽን ይዞ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ሌላው እግድ ነው። ከአቤቱታው ጋር እግድ ጠይቂ፣ ኮንዶሚኒየሙ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ፣ ሚኒባሱም ስም እንዳይዛወር። ትእዛዙ ሲሰጥ ዝም ብለሽ መዝገቡ ውስጥ አትተዪው። ደብዳቤው ቤቶች አስተዳደር፣ መንገድ ትራንስፖርት፣ ባንኩ ዘንድ ደርሶ ገቢ ተደርጎ ማህተም ያለበት ቅጂ እጅሽ መግባት አለበት። ያልደረሰ እግድ ምንም አያግድም።

እቁብም አትርሺ። በጋራ ገንዘብ የተጣለ እቁብ የጋራ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ምስክር ይሆናሉ፣ ደብተሩም አለ።

እኔ አጥብቄ የምልሽ ግን ይሄ ነው፣ ሁሉን ነገር ለዳኛ አትስጪው። ኮንዶሚኒየም ግማሽ በግማሽ ተሰንጥቆ አይካፈልም። ካልተስማማችሁ ይሸጣል፣ በሽያጩ ሁኔታም ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጣል፣ ሐራጅ ላይ ደግሞ ቤት ዋጋውን አያወጣም። የልጆችሽ መኖሪያ ለማያውቁት ሰው በርካሽ ሲሄድ ሁለታችሁም ከሳሪ ናችሁ።

የችሎት ሰው፦

@በላይ ከቂርቆስ ያልከው ይሠራል። አንድ ሂሳብ ላስቀምጥላት። ቤቱ በባለሙያ 3 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል፣ የባንክ ዕዳው ደግሞ 400 ሺህ ቀርቷል። የሚካፈለው 3 ሚሊዮኑ አይደለም። ዕዳው ይቀነሳል፣ የሚቀረው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው፣ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ይሆናል። ቤቱን አንቺ ካስቀረሽ የባንኩን ዕዳ ይዘሽ ለእሱ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ትከፍያለሽ ማለት ነው። እሱ ሚኒባሱን ካስቀረ የሚኒባሱ ግማሽ ካንቺ ክፍያ ላይ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ ስምምነት የሚገኘው እዚህ ጋ ነው፣ አንዱ ቤቱን፣ ሌላው መኪናውን ይወስድና ልዩነቱ በብር ይከፈላል። ግን ባንኩ ሳይስማማ የብድር ውሉ ከእሱ ስም ወደ አንቺ አይዞርም፣ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ባንኩን አነጋግሪ። ስምምነቱ በፍርድ ቤት መጽደቁንም እዪ፣ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻ ይዘሽ አፈጻጸም፣ ማለት በፍርድ ቤት አስገድዶ የማስፈጸም ፋይል፣ መክፈት ትቸገሪያለሽ።

ጥያቄ አለኝ፦

ይቅርታ መሀል ስገባ፣ ጥፋተኛው ንብረቱን አያጣም? ባሏ ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ከሆነስ? አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ከባሏ ተለያይታ ብዙ ዓመት ሆኗታል፣ ፍርድ ቤት ግን አልሄዱም፣ እሷ ተፋትቻለሁ ነው የምትለው።

የችሎት ሰው፦

የጋራ ንብረት እኩል ነው የሚከፈለው፣ ጥፋት ድርሻ አያሳንስም። ጥፋተኛው በሌላው ላይ ያደረሰው ጉዳት ካለና ፍትሕ የሚጠይቀው ከሆነ ግን ካሳ እንዲከፍል ሊወሰን ይችላል፣ አንቀጽ 84። ካሳው ለብቻው ተጠይቆ፣ ለብቻው በማስረጃ ነው የሚወሰነው።

የጎረቤታችሁ ነገር አደገኛ ነው። ለረጅም ዓመት ተለያይተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኑሮ በመሠረቱ ሰዎች ጉዳይ ሰበር ሰሚ ችሎት ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ያለባቸው ውሳኔዎች አሉ። ያ ማለት ግን እሷም እንደዚያ ይባልላታል ማለት አይደለም። አሁን ቤት ብትገዛ የጋራ ነው የሚል ክርክር ሊመጣባት ይችላል፣ እሱ ቢሞት ደግሞ ከወራሾቹ ጋር ሚስት ነበረች አልነበረችም ክርክር ይጀምራል። ፍርድ ቤት ሄዳ ትጨርሰው፣ ውሳኔውንም ይዛ ፍቺውን ታስመዝግብ።

ኡሙ ሀያት፦

ለሙስሊም እህቶች፣ ኒካህ አስራችሁ ከሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ፣ ግን ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው ጉዳዩን የሚያየው። አንዳችሁ ካልፈቀዳችሁ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። አስቡበት ብዬ ነው፣ መጥሪያ ሲመጣ ፈቃደኛ ናችሁ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ውክልናውን ሳነብ ክው አልኩ፣ ከዓመታት በፊት ሰጥቼው ነበር፣ ነገ ጠዋት ውልና ማስረጃ እሄዳለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰርቪሶቹ ያሉት እሱ በወረሰው ግቢ ውስጥ ነው፣ ዋናው ቤት የአባቱ እንደሆነ አልከራከርም። ግን ብሎኬቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የሱቁን ትርፍ እያወጣሁ ነው ቆርቆሮ ያለበስነው። የልጆቹስ ቀለብ? ደግሞ ጠበቃ ለመቅጠር አሁን አቅሜ አይፈቅድም።

የችሎት ሰው፦

ዋናው ቤት የግሉ ነው፣ ትክክል ነሽ። ሰርቪሶቹ በጋብቻ ውስጥ በጋራ ገንዘብ የተሠሩ ከሆነ ግን ግቢው የውርስ ስለሆነ ብቻ የግሉ አይሆኑም። እዚህ ላይ ዳኞች የሚጠይቁት አዲስ የተሠራ ነገር ነው ወይስ የነበረው ላይ የተጨመረ የሚለውን ነው። ራሱን የቻለ አዲስ ክፍል ከሆነ የጋራ ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ። የነበረ ክፍል ታድሶ ከሆነ የሚያስኬድሽ የተጨመረውን ዋጋ በባለሙያ አስገምቶ ግማሹን መጠየቅ ነው። በተግባር ቦታውን እሱ ያስቀርና ላንቺ በገንዘብ ይከፍላል። ስለዚህ የብሎኬቱን ደረሰኝ ፈልጊ፣ ከሌለ የሠራው ግንበኛ ስንት ክፍል፣ መቼ፣ ከማን እጅ ብር እየተቀበለ እንደሠራ ይመሰክር። ተከራዮቹም ኪራይ ለማን ሲከፍሉ እንደነበር ይናገራሉ፣ ኪራዩ እስከ ፍቺው ድረስ የጋራ ገቢ ነው።

ልጆቹን በተመለከተ ፍርድ ቤቱ የሁለታችሁን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነት፣ አኗኗር፣ ከዚያም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ነው ከማን ጋር እንደሚያድጉ የሚወስነው። ልጆቹ ካንቺ ጋር ከሆኑ እሱ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል፣ ቀለብ መክፈልም ግዴታው ነው። ቀለብ ስትጠይቂ "በቂ ቀለብ" ብለሽ አትጻፊ። የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የሠራተኛዋን፣ የምግቡን፣ የሕክምናውን በወር ስንት እንደሚወጣ ዘርዝሪና ደረሰኝ አያይዢ። የእሱን ደመወዝ ለማወቅ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንዲጽፍ አመልክቺ። የሚኒባሱ ገቢ ግን በደመወዝ ወረቀት ላይ አይታይም፣ ለብቻው ጥቀሺው፣ ረዳቱም ሾፌሩም በቀን ስንት እንደሚያስገቡ ያውቃሉ። በኋላ የልጆቹ ወጪ ከጨመረ ወይም የእሱ ገቢ ከተለወጠ ቀለቡ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። ካልከፈለ አፈጻጸም ከፍተሽ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ታደርጊያለሽ።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ፍቺውን ራስሽ ማቅረብ ትችያለሽ፣ ንብረቱ ላይ ግን ያለ ባለሙያ ባትገቢበት ይሻላል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። የዳኝነት ክፍያው ከከበደሽ በደሃ ደንብ፣ ማለት ክፍያውን ሳትከፍይ፣ ለመክሰስ አመልክቺ፣ አቅም እንደሌለሽ በማስረጃ ታሳያለሽ፣ ከወረዳ የሚመጣ ደብዳቤ ይረዳሻል። ግን በስምሽ ንግድ ፈቃድ ስላለ ጥያቄ ይነሳብሻል፣ የሱቁን ትክክለኛ ገቢ ሳትደብቂ አቅርቢ። ጠበቃ ከያዝሽም ክፍያው በውል ይጻፍ፣ ለፍቺው ብቻ ነው፣ ለንብረቱም ነው፣ ይግባኝንም ይጨምራል ወይ የሚለው ተለይቶ።

ውልና ማስረጃ ስትሄጂ መታወቂያሽንና የውክልናውን ቅጂ ያዢ። ቅጂው ከሌለሽ ቁጥሩን ወይም የሰጠሽበትን ዓመት ይዘሽ ሂጂ፣ ይፈልጉልሻል። ከሻርሽው በኋላ አንዱን ቅጂ ለባንኩ፣ አንዱን ለቤቶች አስተዳደር አስገቢ፣ ገቢ ማህተሙን ሳታዪ አትመለሺ።